ከኋላ ወንበር ሥር

ዓምደሚካኤል ቆርጦ ቀጣይ አይደለም። ይህን የሚለው እሱ ራሱ ነው፤ እሱ ካለ ደግሞ አራዳ ውስጥ ደፍሮ የሚከራከረው አልነበረም። የተገጨ መኪና ሲመጣለት ዝም ብሎ ይዞረዋል፣ ላሜራውን በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ድምፁን ይሰማል፣ ከዚያ ነው አፉን የሚከፍተው። "ሌላው ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ በስቱኮ ይለስናል። እኔ አቃናለሁ" ይላል። አርባ ዓመት ሙሉ ይቺኑ ሲል ኖረ። ከራስ መኮንን ድልድይ ወረድ ብሎ ያለው ግቢው በሩ ላይ ጽሑፍ እንኳ የለውም፤ "አቃኚው ዓምዴ የት ነው?" ብሎ የጠየቀን ሰው ከጊዮርጊስ ጀምሮ እየተቀባበሉ ያደርሱታል። ያደርሱት ነበር ልበል። ሰፈሩ ፈርሶ ግማሹ ሰው ወደ ከተማው ዳር ሄዷል፤ አሁን የሚጠቁም ጠፍቷል።

ስም ያለው ሰው ስሙን ለመጠበቅ የማያደርገው የለም። ዓምደሚካኤልም አደረገ፤ ያደረገውን ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተው።

በዐሥራ አራት ዓመቱ ነው ጋራዥ የገባው። መዶሻ ሳያስነኩት ዓመት ሙሉ ወለል አስጠረጉት፤ እሱ ግን እየጠረገ ያይ ነበር። ሠላሳ ሳይሞላው የራሱን ቤት ከፈተ። ሰርክአዲስን አገባ፣ ልጅ ግን እግዜር አልሰጣቸውም። ስለዚህ ጓደኛው ገብረትንሣኤ ወንድ ልጅ ወልዶ "ክርስትና አንሳልኝ" ሲለው፣ ዓምደሚካኤል የሰማይ ደጅ የተከፈተለት ያህል ነው የተደሰተው። ገብረትንሣኤ ፒያሳ ላይ ጠባብ የወርቅ ቤት የነበረው፣ ከሰሜን የመጣ፣ ቃሉ ቁጥብ፣ እጁ ጥንቁቅ ሰው ነበር። ልጁ ልዑል ተባለ። ሁለቱ ሰዎች ከዚያን ቀን ጀምሮ አበልጅ ሆኑ። አበልጅነት ደግሞ የዋዛ ነገር አይደለም፤ ሥጋ ያልሆነ ሥጋ ነው። አበልጅ ካበልጁ የእጁን ዋጋ አይቀበልም፣ አበልጅ ያበልጁን ሥራ አይመረምርም። በተለይ ሁለተኛዋን ያዙልኝ።

ይኸው ልዑል አድጎ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት፣ ባንክ ውስጥ ተቀጥሮ፣ ባለፈው ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ ቅዳሜ የክርስትና አባቱ ግቢ መጣ። ገብረትንሣኤ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። የመጣው አባቱ በተወለት ነጭ ዲኤክስ ነው። ዲኤክስን መቼም የማያውቅ የለም፤ አርባ ዓመት ያለፋት ኮሮላ ናት፣ ወጣቱ ግን ዛሬ እንደ አዲስ ይሞትላታል።

"ጋሼ፣ አምስት ሳምንት ነው ያለኝ" አለ ገና ከመኪናው ሳይወርድ። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ጠመዝማዛ የኮረብታ መንገድ እሑድ ጠዋት ተዘግቶ፣ እሱና መሰሎቹ በየተራ እየነዱ ሰዓት ሊያዝላቸው ነው። ተመዝግቧል። "ሞተሯን አሠርቻለሁ፤ ቀጥታ መንገድ ላይ ምንም አትልም። ኩርባ ላይ ስገባ ግን ፊቷ ይታጠፋል፣ ኋላዋ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚከተላት። አካሏን በብረት ላሳስራት ነው። የትኛው እንደሚሻል ከእርስዎ ጋር ልምረጥ ብዬ ነው የመጣሁት።"

"ከእርስዎ ጋር ልምረጥ" የምትለዋ ቃል ለዓምደሚካኤል ከማር ጣፈጠችው። በዚህ ዘመን ማን ሽማግሌ ያማክራል፤ ሁሉም ስልኩን ነው የሚያማክረው። ልዑልም ስልኩን አማክሮ ነው የመጣው፤ ግን አንድ ደብተር ሙሉ ጽፎ፣ ሥዕል ሥሎ፣ "እርስዎ ያሉት ይሆናል" ብሎ ኮፈኑ ላይ ዘረጋለት።

ዓምደሚካኤል መነጽሩን አደረገና አንድ በአንድ አየ። መጀመሪያ ከኮፈኑ ሥር የሁለቱን የፊት ሾኮች አናት የሚያያይዘው አግዳሚ ብረት ነበር። "ይኼ ጥሩ ነው" አለ። "በአራት በአራት ቡሎን ይታሰራል፣ ያልወደድከው ቀን ትፈታዋለህ። ግን ጫፉ ላይ እንደ በር ማጠፊያ የሚታጠፍ ከሆነ ለፎቶ ነው የሚሆንህ፤ አንድ ወጥ ይሁን።" ቀጥሎ ከሞተሩ በታች የሚታሰረውን አየና ሳቀ። "ይቺን ካስገባህ የመጀመሪያው ብሬከር ላይ ነው የምትሰቀለው፤ ሰፈሩ ሁሉ ይገፋሃል።" ከዚያ ደብተሩ ውስጥ መኪናውን ከውስጥ በቱቦ የሚያጥረው መጣ። "ይኼማ የወፍ ቤት ነው። እናትህን እትዬ ምብራትን ቤተ ክርስቲያን ስትወስዳት በመስኮት ልትገባ ነው?"

ልዑልም ሳቀ። አንድ ገጽ ቀረ፤ ወለሉ ሥር ከፊት ጎማ ኋላ ተነስተው እስከ ኋላ ጎማ ፊት ድረስ በግራና በቀኝ የሚሄዱ ሁለት ረጃጅም ብረቶች። "ይኼንንስ ይተዉት" አለ ልዑል፣ "ብየዳ ነው፣ አንዴ ከገባ አይወጣም። ገንዘቤም ለሁሉም አይበቃም። እኔ የፊቱን አግዳሚና የኋላውን አግዳሚ ነው ያሰብኩት።"

"ማሰብ ጥሩ ነው" አለ ዓምደሚካኤል፣ "ግን ሕመሙን ሳታውቅ መድኃኒት አትገዛም። እስቲ የቱ ጋ እንደምትታጠፍ እንያት።" ዲኤክስ እንደ ጭነት መኪና ለብቻው ሻንሲ የላትም፤ ወለሉ፣ ጎኑና ጣሪያው ተያይዞ አካሏ ራሱ ነው ሻንሲዋ። አካሏ ከተጣመመ ጎማው መሬቱን ትክክል አይረግጥም፤ ኩርባ ላይ መሪው የሚሰንፈው ያኔ ነው። መመርመሪያው ቀላል ነው፤ አንዱን ጥግ ብቻ በክሪክ ታነሳለህ፣ ከዚያ በሮቹን ከፍተህ ትዘጋለህ። ጤነኛ መኪና በሯ ይዘጋል።

ዓምደሚካኤል ክሪኩን ከኋላ በቀኝ በኩል አስገብቶ አነሳት። የፊቱ በር ተዘጋ። የኋላው በር ግን መጥቶ ቆመ። ገፋው፤ ብረት ከብረት ተፋጨ እንጂ አልገባም። ልዑል "አዩ? እንዲህ ናት እንግዲህ" ብሎ ለራሱ በደስታ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ዓምደሚካኤል ግን ለምን እንደማይዘጋ ያውቃል፤ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም ብሎ ነበር የሚያምነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዐሥራ ሰባት ዓመት በፊት ይቺን መኪና ቁልቁለት ላይ የጭነት መኪና ከኋላ ገጫት። ገብረትንሣኤ አስጎትቶ አመጣትና "ዓምዴ፣ እንዳትቆርጥብኝ። ሌላ ቦታ ቆርጠን እንቀጥላት አሉኝ፤ እኔ አንተ አቃናት ብዬ ነው የመጣሁ" አለው። ዓምደሚካኤልም "እኔ መቼ ቆርጬ አውቃለሁ" አለ። አያት፤ የምትቃና አልነበረችም። ያን ጊዜ "ወንድሜ፣ ይቺ አትሆንም" ብሎ ቢሆን ምን ነበረበት? ምንም። ግን አቃኚው ዓምዴ ነዋ። ሦስት ሳምንት ታገላት፣ በመሃል ደግሞ የሚከፍል ደንበኛ ይመጣል፣ የነፃው ሥራ ወደ ጥግ ይገፋል። በመጨረሻ ከሌላ የወደቀች ዲኤክስ ኋላዋን ቆረጠ፣ በሲባጎ ለካ፣ ከኋላ ወንበር ሥር ገጠማት። ጊዜ ስላጠረው ዙሪያውን ሙሉ አልበየደም፤ በነጥብ በነጥብ ያዝ ያዝ አደረገና ቅጥራን ቀባበት፣ ላዩን ስቱኮ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እሱ ግን ቀለሙ ሲደርቅ "ይኸው አቃናሁልህ" ብሎ አስረከበ። ገብረትንሣኤ አቅፎ ሳመው። የእጁን ዋጋ ሊሰጠው ሲል "አበልጅ አይደለንም እንዴ?" ብሎ እጁን መለሰለት።

እና አሁን ልጁ ያንን መጋጠሚያ ይዞ ኮረብታ ላይ ሊከንፍ ነው። ዓምደሚካኤል ክሪኩ አጠገብ ተንበርክኮ የነበረውን ሐሳብ አውቃለሁ፤ ምክንያቱም የማንኛችንም ሐሳብ ነው። አፉን ከፍቶ "ልጄ፣ ይቺ መኪና ተቀጥላለች፤ የቀጠልኳትም እኔ ነኝ" ማለት ነበር። ስድስት ቃል ወይም ሰባት። ደብተሩን፣ "እርስዎ ያሉት ይሆናል" ያለበትን ፊት አየና አልቻለም። አፈረ። ማፈሩ ደግሞ ምርጫ አስመረጠው።

"የወለሉን ነው የምታስገባው" አለ ተነስቶ እጁን እየጠረገ።

"ብየዳውን?"

"ብየዳውን። የፊቱን አግዳሚ ከፈለግህ በኋላ ግዛ። ይቺ የምትታጠፈው ከመሃሏ ነው፤ በሩ ነገረህ አይደል። ብረቱንም ሥራውንም እኔ እችላለሁ፤ ዐሥር ቀን ተውልኝ።"

"አጠገብዎ ሆኜ ብማርስ?"

"በጭስ ምን ያቃጥልሃል፤ ሥራህን ሥራ።"

ልዑል ደብተሩ ላይ የወለሉን ብረት ከበበው፣ የኋላውን አግዳሚ ሰረዘው። የመረጠ መስሎት በደስታ በታክሲ ሄደ።

በማግስቱ ዓምደሚካኤል በሩን ዘግቶ የኋላውን ወንበር አነሳ። ቅጥራኑን በመላጊያ ሲፍቀው ከፈራው የባሰ አገኘ። ከነጥቦቹ ግማሹ ለቋል፤ አንዱ ጋ ጣቱን ቢያስገባ ገባለት፣ ከሥር የግቢውን መሬት አየ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ዝገትም እያደር ነው የሚበላው። ደህና አድርጎ ሊሠራ ቢል ኋላዋን እንዳለ ማፍረስ፣ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ የመጎተቻ ማሽን ያለበት ቤት መውሰድ፣ ሁለት ወር መቆየት ነበረበት፤ ያ ማለት ደግሞ መናገር ነው። ስለዚህ ያሉትን ስንጥቆች በየዳቸው፣ ከዚያ ወለሉ ሥር ሁለቱን ቱቦ ብረቶች በመጋጠሚያው ላይ አሻግሮ አሰረ። ይኼን ጊዜ አልቸኮለም። ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ በጀርባው ተኝቶ፣ ፍንጣሪው አንገቱ ላይ እየወደቀ፣ እያንዳንዷን መስመር እንደ መርፌ ሥራ አስኬዳት። ከዕድሜው ሙሉ ሥራ ይኼ ነው የሚበልጠው ቢባል ውሸት አይሆንም። የሚያሳዝነው ለማንም የማይታይ መሆኑ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ እሱ ራሱ የሚያውቀው ነገር ነው፤ አንዱን ቦታ ስታጠነክር ድካሙ አይጠፋም፣ ቦታ ይለውጣል። ቱቦዎቹ ያለቁበት ጫፍ ላይ ያለው ላሜራ ቀጭን ነው፣ ዝገት ነክቶታል።

በዐሥረኛው ቀን በክሪክ አነሷት። በሩ ተዘጋ። ልዑል ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው። ከዚያ ሁለቱም ተቀምጠው ወጡ፤ የምኒልክን አደባባይ ዞረው ቸርችልን ቁልቁል ወረዱ፣ ተመልሰው ወጡ። አደባባዩ ላይ ኋላዋ ከፊቷ እኩል ዞረ። ልዑል መኪናዋን አቁሞ የዓምደሚካኤልን እጅ ሳመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጓደኞቹ ሁሉ "የክርስትና አባቴ እጅ ላይ ነው መኪና መሥራት የሚያምረው" ይል ጀመር። ሽማግሌው ሲሰማ ይስቃል፣ ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ሰርክአዲስ "ምን ሆነሃል?" ስትለው "ወገቤን ነው" ይላታል።

ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ከሰዓት፣ የልዑል እናት ምብራት ከሥላሴ በእግሯ መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ ግቢው መግቢያ ላይ ቆመች። ዓምደሚካኤል በርጩማ ሊያመጣ ሲነሳ "አይ፣ ቆሜ ይሻለኛል" አለችው። "አበልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። አይቀየሙኝ።"

"ምን ቅያሜ አለ፤ ይጠይቁኝ እንጂ።"

"ያ ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ቅጥል፣ አሁን ደህና ሆነ?"

ዓምደሚካኤል የሚያየው ጠፋው። "የቱ ቅጥል?" አለ፤ አርባ ዓመት የለመደ አፍ ቀደመው።

"ይተዉ እንግዲህ" አለች ምብራት ሳትቆጣ። "አባቱም እኔም እናውቅ ነበር።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ዓምደሚካኤል የራሱን ታሪክ ከሰው አፍ ሰማ። መኪናዋ ተሠርታ በወጣች በሁለተኛው ወር ገብረትንሣኤ ላቫጆ ወስዷት፣ ከፍ አድርገው ሥሯን ሲያጥቡ ቆሞ አየ። ወርቅ ሠሪ ነው እኮ፤ መጋጠሚያ ሲያይ የኖረ ዓይን ነው። እጁን ሰዶ ከቅጥራኑ ሥር ያለውን መስመር በጣቱ ተከተለው፣ ከዳር እስከ ዳር። ከዚያ የተጣለ ጎማ ላይ ተቀምጦ ብዙ ቆየ። ማታ ለሚስቱ "አበልጃችን ቆርጦ ነው የቀጠላት" አላት።

"ሂድና ንገረው አልኩት" አለች ምብራት። "'ሳንቲም ሳይቀበለኝ ሦስት ሳምንት የደከመልኝን ሰው ምን ብዬ?' ብሎ መለሰልኝ። በል ሽጣት አልኩት። 'የማያውቅ ሰው ላይ ልጣላት? ደግሞ ሸጥኳት ስል ዓምዴ ለምን አይለኝም?' አለኝ። ማቆምም አልቻለም። የልዑል ትምህርት ቤት በእርስዎ በር በኩል ነው፤ በእግር ብንሄድ ይጠይቁናል። እርስዎ እዚህ ቆመው እጅዎን ያነሱልናል፣ እኛም እጃችንን እናነሳለን። ልዑል ከኋላ ነው የሚቀመጠው። እኔ ከፊት ሆኜ እስክንደርስ ማርያም ማርያም እላለሁ፤ እሱ ከሃያ በላይ አይነዳም።"

"ገብሬ ማኅበራችን መምጣት የተወው..." አለ ዓምደሚካኤል።

"ፊትዎን ማየት ከበደው። 'የማውቀውን እንደማውቅ ዓይኔ ይነግርብኛል' አለ።"

ዓምደሚካኤል ደግሞ ያን ጊዜ ምን ሲል ነበር? "ገብሬ ገንዘብ ሲያገኝ ልቡ አበጠ፤ ወርቅ ወርቁን እያየ ሰው ረሳ" ሲል ነበር። ለማኅበርተኛው ሁሉ ብሏል። ቀብሩ ላይ እንኳ ያለቀሰው ቂሙን እንደያዘ ነው። አሁን ግቢው መሃል ቆሞ፣ ሰውየው ልጁን መጋጠሚያ ላይ አስቀምጦ የጠበቀለት የእሱን ስም እንደነበር ገባው፤ ሊያመጣላት የነበረው በርጩማ ላይ ሄዶ እሱ ተቀመጠ።

"እኔ ሙሾ ላወርድ አልመጣሁም" አለች ምብራት። "አባቱ ለእርስዎ ብሎ ዝም አለ፣ እኔ ለእሱ ብዬ ዝም አልኩ። ልጁ ከነገ ወዲያ ለማን ብሎ ነው የሚሞተው? ወይ እርስዎ ይነግሩታል፣ ወይ እኔ።" ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት ልዑል የፊቱን አግዳሚ ብረት በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ፊቱ በርቶ መጣ። "አንድ ወጥ ነው ጋሼ፣ እንዳሉኝ" እያለ ሲፈታው ዓምደሚካኤል "አስቀምጠውና ወዲህ ና" አለው። የኋላውን በር ከፈተ፣ ወንበሩን አነሳ፣ በትራስ ጨርቅ የሸፈነውን ገለጠ። ነገረው። አላሳመረውም፣ አላሳጠረውም። ስለ ሲባጎው፣ ስለ ነጥብ ብየዳው፣ "አቃናሁልህ" ስላለው ቃል፣ ስለ ቱቦው ጫፍ፣ ሁሉንም። ሲጨርስ "ነገ አትሂድባት" አለ።

ልዑል አጎንብሶ መስመሩን አየ። ጣቱን አስኬደበት። ጭንቅላቱን ሳያቀና "አባዬ ያውቅ ነበር?" አለ።

"ትናንት ነው የሰማሁት። ያውቅ ነበር።"

"እማዬስ?"

"እሷም።"

"ስለዚህ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ" አለ ልዑል። "የምቀመጥባት እኔ።"

ልዑል ተነስቶ ደብተሩን ከኪሱ አወጣና የከበበውን ገጽ ፈልጎ አገኘው። "ይኼን ምረጥ ያሉኝ ለኩርባው ነው፣ ወይስ ለዚህ?"

"ለሁለቱም ይሆናል ብዬ..."

"መጀመሪያ ያሰቡት ለየቱ ነው?"

"ለዚህ" አለ ዓምደሚካኤል።

"አብረን የመረጥን መስሎኝ ነበር" አለ ልጁ። አልጮኸም፣ አልሰደበም። ቢሰድበው ሽማግሌው ምንኛ በወደደ። ደብተሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ አግዳሚውን ብረት በጋዜጣው መልሶ ጠቀለለ፣ መኪናዋን አስነስቶ ቀስ ብሎ ወጣ። ውድድሩን ቀረ።

ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ገና ሲደርስ ሰርክአዲስ "ልዑል ሳይመጣ በዓል አለ እንዴ?" ብላ እስከ ማታ ጠላውን ሳትቀዳ ጠበቀች። ጥምቀትም አለፈ። ዓምደሚካኤል አንድ ሁለቴ ስልኩን አንስቶ እስከ ቁጥሩ ድረስ ሄዷል፤ ምን እንደሚል ጠፍቶት መልሶ አስቀመጠው። ምብራትን ጊዮርጊስ ደጅ ላይ አግኝቷት ነበር፤ "እንደምን አሉ አበልጅ" ተባባሉ፣ ስለ ልጁ አልጠየቃትም፣ አልነገረችውም። ሰው ሲመጣበት ግን አሁንም "እኔ አቃናለሁ" ይላል። ልማድ ነው፤ አንዳንዴ ከተናገረው በኋላ አፉ ይመረዋል።

የካቲት ላይ አብዱረህማን ፒያሳ መጣ። አብዱረህማን ከሃያ ዓመት በፊት እሱ ዘንድ ተምሮ የወጣ፣ ዛሬ ጎተራ አካባቢ መጎተቻ ማሽን ያለበት ትልቅ ቤት የከፈተ ሰው ነው። ለልጁ ኒካህ ቀለበት ሊገዛ መጥቶ፣ የድሮ አለቃውን ሳላይ አልሄድም ብሎ ኬክ ቤት ይዞት ገባ። ማኪያቶ ታዘዘ፤ ወሬው እንደተለመደው ወደ ላሜራ ዞረ።

"ጋሽ ዓምዴ፣ በቀደም የገባችልኝን ዲኤክስ ቢያዩ ይታመሙ ነበር" አለ አብዱረህማን። "አንድ ወጣት ነው ያመጣት። አንዱ ግፈኛ ከኋላ ወንበር ሥር ቆርጦ ቀጥሏት፣ ብየዳው ነጥብ ነጥብ፣ ከላዩ ቅጥራን። ቤተሰብ ነው እኮ የሚጫንባት። ከዚያ ደግሞ በቅርብ ሌላ ሰው ከሥር በቱቦ አስሯታል። የእሱስ እጁ ጥሩ ነው፣ የእርስዎን እጅ ነው የሚመስለው። ግን የበሰበሰ ላይ ጥሩ እጅ ምን ያደርጋል፤ ሁሉንም ቆርጬ ጣልኩት።"

ዓምደሚካኤል ማንኪያውን ብርጭቆው ውስጥ አዞረ። "ልጁ ምን አለ?"

"ዝምተኛ ልጅ ነው። እኔ ግን ተናደድኩና 'ማን ነው መጀመሪያ የቀጠላት? ስሙን ንገረኝ፤ እንዲህ ያለ ሰው ሌላም ይገድላል' አልኩት።"

"ነገረህ?"

"'የድሮ ሰው ነው፤ ሞቷል' አለኝ።" አብዱረህማን የማኪያቶውን አረፋ ከከንፈሩ ጠረገ። "ከሞተማ ምን ይባላል።"

ዓምደሚካኤል በመስኮቱ ወደ አደባባዩ አየ። ልጁ ስሙን ሊያድንለት ይሁን ከነስሙ ሊቀብረው አላወቀም፤ የሚጠይቀውም አልነበረም። አብዱረህማን አንድ ነገር እንዲል የሚጠብቅ ያህል ያየዋል።

"ነፍስ ይማር" አለ ዓምደሚካኤል።